ማዕበል ሲመጣ ማን ይነግረናል?

ያደግሁት ጳውሎስ ሆስፒታልን አልፎ ወደ እንጦጦ በሚያቀናው ዳገት ላይ፣ በአጎቴ ቤት ነው። ጋሼ ከሬዲዮናቸው የሚያስበልጡት ነገር ቢኖር የፋሲካ ዶሮ ብቻ ይመስለኛል። ማታ ማታ የውጭ አገር ጣቢያዎችን የአማርኛ ዜና በአጭር ሞገድ ይከታተላሉ፤ ቀን ቀን ደግሞ የዐረብም ይሁን የእንግሊዝ፣ ያገኙትን ሁሉ እያዟዟሩ ያዳምጣሉ።

ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ሬዲዮው በድንገት ዝም አለ። ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቀኑን የማስታውሰው አክስቴ ለዘመን መለወጫ ቤቱን ስታጸዳ ዕቃውን ሁሉ ደጅ አውጥታው ስለ ነበረ ነው። ጋሼ መዘውሩን ወዲያና ወዲህ ቢያዞሩትም የተገኘ ድምፅ አልነበረም፤ የተለመደው ሽውታ እንኳ ቀንሶ ነበር። «አፈኑት!» አሉ ጋሼ ተቆጥተው። አክስቴ በበኩሏ «ባትሪው ነው» ብላ ወደ ሱቅ ሰደደችኝ። አዲስ ባትሪ ተገብቶለትም አልተናገረም። ቆይቶ ግን ማንም ሳይነካው ድምፁ እየጎላ ተመለሰ። ጋሼ «አየህ፣ ለቀቁት» አሉኝ፤ አክስቴም ባትሪዬ ነው ስትል ተከራከረች። እስከ ዛሬም አልታረቁበትም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ይህንን ታሪክ ለአንድ የፊዚክስ ተማሪ ጓደኛዬ ሳጫውተው ቀኑን ጠየቀኝ። ነገርሁት። ሣቀና «ያፈነችውስ ፀሐይ ናት» አለኝ። እንደ ነገረኝም በዚያ ቀን፣ በእኛ ሰዓት ልክ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ በፀሐይ ገጽ ላይ ከ10 ዓመት በላይ ያልታየ ኀይለኛ ፍንዳታ ደርሶ ኖሯል። በዚያው ሰዓት ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የካሪቢያንን ደሴቶች ያፈርስ ነበርና፣ ለእርዳታ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይነጋገሩ የነበሩ ሰዎች ለሰዓታት ድምፃቸው እንደ ጠፋባቸው ተመዝግቧል። እኛ ዘንድ የጠፋው የጋሼ ሙዚቃ ነው። እነርሱ ዘንድ የጠፋው «ጀልባ ላኩልን» የሚለው ቃል ሊሆን ይችላል።

እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ። በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ፀሐይ ልጽፍ መነሣቴን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ምን አገባህ?» ብለውኛል። ያገባኛል። ጉዳዩ የቀመር ብቻ አይደለም፤ የመናገርና ያለመናገር፣ የመስማትና ያለመስማት ጉዳይ ነው። ቀመሩን ለባለሙያዎቹ ትቼ፣ እኔ የገባኝን ያህል በተራ አማርኛ ላስረዳ።

ፀሐይ ስትቆጣ ወደ እኛ የምትልከው ሦስት ዓይነት ነገር ነው፤ ሦስቱም የሚመጡት በተለያየ ፍጥነት ነው። መጀመሪያ ብርሃኑ ይመጣል፤ ይህም ዐይን የማያየውን የኤክስ ጨረር ይጨምራል። ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚያቋርጠው በ8 ደቂቃ ገደማ ነው። ጨረሩ ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን ስስ አየር በኤሌክትሪክ ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ አየሩ እንደ ስፖንጅ የአጭር ሞገድን ድምፅ ይመጠዋል። ይህ የሚሆነው ቀን በሆነበት የምድር ገጽ ብቻ ነው፤ እጅግ የሚበረታውም ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት አገር ነው። እንግዲህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር ልክ አናቱ ላይ የምትቆምበት አገር የማን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል።

እዚህ ላይ ጋሼንም ለመካስ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ሬዲዮ የሚያፍን ሰው አንድ ጣቢያ ይመርጣል፤ በዚያም ጣቢያ ላይ የሚጮህ ድምፅ ይጭንበታል። ፀሐይ ግን አትመርጥም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጸጥ ታደርጋለች፤ ዝቅተኛውን የአጭር ሞገድ ክፍል አስቀድማ ትወስዳለች፣ ከፍተኛውን አስቀድማ ትመልሳለች፤ ኤፍ ኤሙን ግን አትነካም። ይህን ያህል ብቻ የሚያውቅ ሰው በማን ላይ መቆጣት እንዳለበት አይሳሳትም።

ሁለተኛው እንደ ጥይት የሚወረወር ደቂቅ ቅንጣት ነው፤ ከአሥር ደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ባለው ጊዜ ይደርሳል። ሳተላይቶችንና በዋልታዎቹ በኩል በከፍታ የሚበሩትን አውሮፕላኖች ያሳስባል። እኛ ከዋልታ ሩቅ ስለ ሆንን በዚህኛው ላይ አልቆይም።

ሦስተኛው ትክክለኛው ማዕበል ነው። ፀሐይ ከራሷ ላይ ገንጥላ የምትጥለው፣ መግነጢስ በውስጡ የተጠቀለለበት ግዙፍ የትኩስ ጋዝ ደመና ሲሆን፣ ምድር ጋ ለመድረስ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል። እጅግ ከፈጠኑት መካከል ዝነኛው በ1851 ዓ.ም. መጨረሻ በነሐሴ የመጣው ነው። እንግሊዛዊው ካሪንግተን ፍንዳታውን በዐይኑ ካየ በኋላ 18 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ማዕበሉ ምድርን መታ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የቴሌግራፍ ሽቦዎች ብልጭታ ተፉ። እኛ ያን ጊዜ በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ነበርንና የሚቃጠል ሽቦ አልነበረንም። ሽቦ የሌለው ሽቦው አይቃጠልበትም፤ ችግሩ የመጣው ከሠለጠንን ወዲህ ነው።

በመጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ በኩቤክ ክፍለ ሀገር የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ማዕበሉ የምድርን መግነጢስ ሲያናውጠው በረጃጅሞቹ የኤሌክትሪክ መስመሮች ውስጥ ያልተጋበዘ ኤሌክትሪክ ገባ፤ በ90 ሰከንድ ያህል ውስጥም መላው የኀይል መረብ ወደቀ። 6 ሚሊዮን ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ ተቀመጠ። እኛ ሰፈር 9 ሰዓት መብራት ቢጠፋ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ሻማ ይገዛል። ለእነርሱ ግን የታሪክ ምዕራፍ ሆነ።

ታዲያ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላልን? ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው።

አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ፋሲካ ዛሬ ቁጭ ብለው ይቆጥሩታል። በአንድ ቀንም አይስቱም። ይህ የሆነው የፀሐይና የጨረቃ ጕዞ የማይዛነፍ ስለ ሆነ ነው። የፀሐይ ማዕበል ግን የፀሐይ መንገድ ሳይሆን የፀሐይ ጠባይ ነው። ሊቃውንት ቁጣዋ በየ11 ዓመቱ ገደማ ከፍና ዝቅ እንደሚል ያውቃሉ፤ የትኛው ጥቁር ነጥብ ሊፈነዳ እንደሚችልም ይገምታሉ። ቀኑንና ሰዓቱን ግን አይቆርጡም። ብርሃኑንማ አስቀድሞ የሚናገር መልእክተኛ ሊኖር አይችልም፤ ከብርሃን የሚቀድም የለምና። ፍንዳታው መድረሱን የምናውቀው ጉዳቱ ከደረሰ ጋር እኩል ነው።

በደመናው ጉዳይ ግን ጥቂት ዕድል አለን። ከፀሐይ ሲነሣ በመንኮራኩር ካሜራ ይታያል፤ ስለዚህ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በፊት «እየመጣ ነው» ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የደመናው ክፋት የሚለካው በግዙፍነቱ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው መግነጢስ ወደ ሰሜን ያቀና እንደ ሆነ የምድር መግነጢስ በሩን ዘግቶ ያሳልፈዋል፤ ወደ ደቡብ ያቀና እንደ ሆነ ግን ቁልፉ ጓጕንቸሩን እንዳገኘ ይከፍተዋል። ይህም ከሩቅ አይታይም። የሚታወቀው ደመናው ከምድር በ1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ ፀሐይ በኩል ቆመው በሚጠብቁት ጥቂት መንኮራኩሮች ላይ ሲያልፍ ነው። ከእነዚህ አንዷ ህንድ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የላከቻት አዲትያ ናት። ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው ጊዜ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቢሆን ነው። ነገሩ ልክ እንደ ጳውሎስ ታክሲ ነው፤ ከፒያሳ መነሣቱን በስልክ ቢነግሩህም፣ ባዶ ወንበር መኖሩን የምታውቀው ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ብቻ ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ይህ ሁሉ በተግባር ታየ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ያለው የትንበያ ማዕከል ደመናዎቹ መነሣታቸውን አይቶ የ4ኛ ደረጃ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ግንቦት 2 ቀን ዓርብ፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ማዕበሉ ደረሰ። ሲመዘን 5ኛ ደረጃ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። እንግዲህ ትንበያው በመምጣቱ አልተሳሳተም፤ በመጠኑ ግን አነሰ። ይህን የምናገረው ለማጣጣል አይደለም፤ የዓለም የመጨረሻው ዕውቀት የደረሰበትን ወሰን ለማሳየት ነው።

በዚያች ሌሊት በሜክሲኮና በህንድ ተራሮች ላይ ሳይቀር ሰማዩ ቀላ። በአሜሪካ የዘር ወቅት ነበርና በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮች መሥመር እየሳቱ ገበሬዎች ሥራ አቆሙ። እኛ ደግሞ የፋሲካ ሳምንት ነበርና ጠግበን ተኛን። ጳውሎስ ሰፈር ሆኜ ወደ እንጦጦ አሻቅቤ አይቻለሁ፤ ምንም አልነበረም። በማግሥቱ የግቢያችን ቀልደኛ «የፈተና ውጤቴን ያበላሸብኝ የፀሐይ ማዕበል ነው» እያለ አሳቀን። በፀሐይ ማሳበብ እንዲህ ይቀላል፤ ብዙ ጥፋት ያለ ፀሐይ እርዳታ የሚፈጸም መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የነገሬ እንብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰሜን ሰዎች ማዕበሉ ሲመጣ ሰማያቸው ይቀላል፤ ሕፃን እንኳ ያያል። እኛ ዘንድ ማዕበሉ መልክ የለውም። በላያችን ያልፋል፣ በሽቦአችን ውስጥ ይገባል፣ ድምፃችንን ይውጣል፤ እኛ የምናየው ግን ያንኑ ሰላማዊ ሰማይ ነው። ስለዚህ ዐይን የማያየውን የሚያይልን መሣሪያ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገን ለእኛ ነው።

መሣሪያውም አለን! ይህንን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ1950 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና በሕፃንነቱ ሳለ፣ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብሰርቫቶሪ አቋቁመው የምድርን መግነጢስ መመዝገብ ጀመሩ። ጊዜው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የተባለው ነበር፤ 67 አገሮች፣ የቀዝቃዛውን ጦርነት ጠላቶች ጨምሮ፣ ምድርንና ፀሐይን በአንድነት ሊለኩ ተስማምተው ነበር። አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የተፈለገችው ለውበቷ አይደለም። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መሥመር፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ፍጹም ጋደም የሚልበት፣ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ነው። በዚህ መሥመር ላይ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሲድኒ ቻፕማን ለዚህ ጅረት ስም ያወጡለት በ1943 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ኮሌጃችን በሩን የከፈተው በዚያው ዓመት ነው። የጂኦፊዚክሱን ዓመት ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩትም እኒሁ ቻፕማን ነበሩ። በስማቸው የተጠራ ዓለም አቀፍ ጉባኤም በኅዳር 2005 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተደርጎ፣ የጠፈር አየር ጠባይ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚለያይ ተመክሮበታል።

ያን ጊዜ መግነጢስ የሚመዘገበው በመርፌ መሳይ ማግኔት ላይ በተለጠፈች ትንሽ መስተዋት ነበር። ከመስተዋቷ የሚንፀባረቀው ብርሃን በጨለማ ክፍል ውስጥ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ቀኑን ሙሉ መሥመር ይሥላል። ዛሬ መሣሪያው ዘምኗል። ቁም ነገሩ ግን የመሣሪያው ዘመናዊነት ሳይሆን የመዝገቡ ርዝመት ነው። ትናንት የተገዛ መለኪያ የዛሬን ያውቃል፤ የ1950ዎቹን ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም። ንጉሥ ሲወርድ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ግቢው ስሙን ሲቀይር፣ የመርፌዋ ሥራ ያው መቁጠር ነበር።

አሁን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት የማነሣበት ምክንያት ይህ ነው። ዓለም የማዕበልን ደረጃ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሰጠው ከ13 ኦብሰርቫቶሪዎች መለኪያ ተነሥቶ ነው። እነዚህ ሁሉ ከመግነጢስ ወገብ እጅግ በራቁ አገሮች ያሉ ናቸው። ሌላውና ታዋቂው የማዕበል መለኪያ ደግሞ ከ4 ቦታዎች ይሰበሰባል፤ ከጃፓን፣ ከሃዋይ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከደቡብ አፍሪካ። እነዚህ የተመረጡት፣ ከዋልታውም ሁከት ከወገቡም ጅረት እንዲርቁ ተብሎ ነው። አስተውሉ፤ የእኛ ጅረት መለኪያውን እንዳያውክ ተብሎ ወደ ጎን ተትቷል። ለዓለም አቀፉ ቁጥር ይህ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ነገር ግን ከእኛ ሸሽቶ የተለካ ቁጥር ስለ እኛ ሰማይ ሁሉን ይናገራል ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

በ2007 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፀሐይ የሚመጣ ድንገተኛ ግፊት ቀን ላይ በመግነጢስ ወገብ ያሉ አገሮችን ሲያገኝ፣ ያ ጅረት ግፊቱን ያጎላዋል። ይህም የሚሆነው የዓለሙ ደረጃ «ዛሬ ሰላም ነው» በሚልበት ቀን ጭምር ነው። የኩቤክን ያህል ይደርሳል አልልም። በአገራችንም በዚህ ምክንያት ትራንስፎርመር ተቃጠለ ብዬ አልከራከርም። ግን ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው መሥመር በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ኀይሉን በ500 ሺህ ቮልት መሥመሮች ወደ መሐል አገር ይልካል። ረጅም ሽቦ ላልተጋበዘ እንግዳ ሰፊ በር ነው። ይህን ያህል ገንዘብና የሕዝብ መዋጮ ያፈሰሰ አገር በደጁ የሚያልፈውን ነገር ከራሱ መርፌ ማንበብ ይገባዋል።

ሌላም አለ። በእኛ ሰማይ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይም በመስከረምና በመጋቢት ገደማ፣ በከፍተኛው አየር ውስጥ ባዶ አረፋ የመሰለ ነገር እየተነሣ የጂፒኤስን ምልክት ያንቀጠቅጠዋል። ይህ ያለ ማዕበልም የሚሆን የአገራችን የራሷ አመል ነው። ማዕበል ሲመጣ ደግሞ እንደ መጣበት ሰዓት፣ አንዳንዴ አረፋውን ያበዛዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ያጠፋዋል። ቀትር ላይ የደረሰና ምሽት ላይ የደረሰ ማዕበል ለእኛ አንድ አይደለም። ቦሌ ማታ ማታ አውሮፕላን የሚርመሰመስበት ሰዓትም ይኸው ነው። አብራሪዎች ሌላም መሣሪያ ስላላቸው አንባቢ አይደንግጥ፤ ግን የትኛውን በየትኛው ምሽት ማመን እንዳለባቸው ቢነገራቸው ማን ይጠላል? በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለው የጠፈር ምርምር ላቦራቶሪ ወጣት ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ሲያጠኑ ቆይተዋል። በዓለም መጽሔቶች ላይ ስማቸው ይነበባል። በእኛ ሰሌዳ ላይ ግን አልተነበበም።

ተቃዋሚዎቼ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «ሕዝቡ እንጀራ ሳይጠግብ ስለ ፀሐይ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላል። በክርክር ክበባችንም ይህ አነጋገር ሁልጊዜ ጭብጨባ ያገኛል። እኔም ስለ ቴሌስኮፕ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሽ መንገድ አብሬው እሄድ ነበር። እንጦጦ ላይ ስፋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ከቤታችን ደጅ ሆኜ ተራራውን ሳይ እኮራለሁ። ነገር ግን ለሥነ ሥርዓትና ለፎቶግራፍ የሚመቸው ወደ ላይ የተቀሰረው መነጽር ሲሆን፣ ለእንጀራው የምትቀርበው በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግታ የምትቆጥረዋ መርፌ ናት። መብራት፣ ስልክ፣ አውሮፕላን የእንጀራ ነገር አይደሉምን? በጥር 2014 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ካመጠቃቸው 49 ሳተላይቶች 38ቱ ወድቀው ተቃጥለዋል፤ ያውም በቀላል ማዕበል። ባለጠጋ 38 ሳተላይት ቢጠፋበት ሌላ ይልካል። እኛ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ስንልክ አገር በሙሉ አልተኛም። ጥቂት ያለው ሰው ነው የበለጠ መጠንቀቅ ያለበት።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ብልኅ ነው። «ደቡብ አፍሪካ ሌት ተቀን የሚሠራ የትንበያ ማዕከል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከፍታለች፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአየር መንገዶች ማስጠንቀቂያ ያስተላልፋል። ምን ትደክማለህ?» ይለኛል። የደቡብ አፍሪካ ማዕከል የአፍሪካ ኩራት ነው። ግን ሔርማኑስ ከመግነጢስ ወገብ ሩቅ ናት፤ ከላይ እንዳልሁት ለዓለሙ መለኪያ የተመረጠችውም ለዚሁ ነው። እነርሱ የእኛን መርፌ ንባብ ይፈልጋሉ፤ እኛም የእነርሱን ትንበያ። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት የሚበዳደረው ሁለቱም ምድጃ ሲኖራቸው ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮሚቴ ይቋቋም፣ በጀት ይመደብ አልልም፤ ከኮሚቴ የወጣ ነገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሁላችን እናውቃለን። አንድ ወረቀት ነው የምጠይቀው። በየጧቱ በተማሪዎች ማኅበር ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ከ10 መሥመር የማይበልጥ። ትናንት መርፌዋ ምን አደረገች፤ ዛሬ ከፀሐይ የተነሣ ነገር አለን፤ ቢደርስ በእኛ ሰዓት ቀን ነው ወይስ ማታ፤ ማንን ይነካል። ደግሞም ትናንት የተነገረው ትንበያ ልክ ነበር ወይስ ስሕተት፤ ይህችኛዋን መሥመር እንዳትረሱብኝ። ያልተፈጸመውን ትንበያ የሚደብቅ ተንባይ ከጠንቋይ አይሻልም። ማስጠንቀቂያውም ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚለጠፍ ከሆነ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነውና ቢቀር ይሻላል።

ቁጥሩን የፊዚክስ ተማሪዎች ያንብቡ፤ አማርኛውን የእኛ ፋኩልቲ ይጻፍ። ለሐኪምም፣ ለአብራሪም፣ ለጋሼም የሚገባ ቃል መፈለግ የእኛ ሥራ ነው። ሌላም ሥራ አለን። አባ ጉዌን በኋላ የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ ሲያዘጋጁ መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን የሞሉት ከዜና መዋዕሎቻችን ነው። መነኰሳቱ «ምድር ተናወጠች» ብለው ባይጽፉ ኖሮ ሳይንሱ ባዶ ገጽ በሆነ ነበር። በፀሐይም ነገር እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ከግንቦት 5 እስከ 7 ቀን 1913 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከታላላቆቹ ማዕበሎች አንዱ ምድርን መትቶ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ቴሌግራፍ አቋርጧል፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ ባለችው በሳሞአ እንኳ ብርሃኑ ታይቷል። በዚያ ዓመት ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከገባ 4 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከሐዲዱ ጋርም የቴሌግራፍ ሽቦ ነበረ። በእነዚያ ሦስት ቀኖች የባቡሩ ቴሌግራፈኛ በመዝገቡ ላይ ምን ጻፈ? «ሽቦው አልሠራ አለ» ብሎ ይሆን? ይህን የሚፈልግ የታሪክ ተማሪ ቢገኝ ከመርፌዋ በፊት የነበረውን ዘመን አንድ ቀዳዳ ይሞላል።

እኔና ያ የፊዚክስ ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ወረቀት አርቅቀናል። ለሁለት ሳምንት ያህል በየማታው እየጻፍን አይተነዋል፤ 9 ጊዜ «ሰላም» ብለን 8ቱ ሰላም ሆነዋል፤ 5 ጊዜ «ተጠንቀቁ» ብለን የመጣው 2 ብቻ ነው። ለጀማሪ መጥፎ አይደለም ይላል እርሱ፤ እኔ ግን አፍሬአለሁ። ሊረዳን የሚፈልግ ማክሰኞ ከ11 ሰዓት በኋላ በማኅበሩ ክፍል ያገኘናል፤ የማባዣ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ደግሞ የበለጠ እንወደዋለን።

ረቂቁን ለጋሼ አነበብሁላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይኸ ወረቀት ሬዲዮ ሲታፈንም ይናገራል?» አሉኝ። ፀሐይ ካፈነችው አዎን፣ ሰው ካፈነው ግን አይናገርም አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ፀሐይ ያላፈነችበትን ቀን ከጻፋችሁልኝ፣ የቀረውን እኔ ራሴ አውቀዋለሁ» አሉኝ።